«ዝም አይነቅዝም» ለሚሉ መልስ

ሰው ሐሰት የሚናገረው በአፉ ብቻ አይደለም። መናገር የሚገባውን እያወቀ አፉን የዘጋ ሰውም ሐሰተኛ ነው። ልዩነታቸው፣ በቃል የዋሸውን ሰው ምስክር ሲይዘው፣ በዝምታ የዋሸውን ግን ከኅሊናው በቀር የሚይዘው አለመኖሩ ነው። በአገራችን «ዝም አይነቅዝም» የሚባል ተረት አለ። አባቶቻችን ይህን የተናገሩት ሐሜተኛንና ለፍላፊን ለመገሠጽ እንጂ፣ ዕዳውን የሚደብቀውን ሰው ለማመስገን አልነበረም። ዛሬ ግን ብልጦች ተረቱን ከቦታው ነቅለው የማታለል መሸፈኛ አድርገውታል። እኔ በዚህ ጽሑፍ የምከራከረው ከእነዚህ ብልጦች ጋር ነው። የምንከራከርበትም ጉዳይ ላይ ላዩን ሲያዩት ትንሽ ይመስላል፤ ይኸውም የመኪናውን ሞተር የለወጠ ወይም ጉልበቱን ያስጨመረ ሰው ለመድን ድርጅቱ መንገር ይገባዋል ወይስ አይገባውም? የሚለው ነው።

መልሴን አላቆይም፤ ይገባዋል። ሳይጠየቅም ይገባዋል፤ ቢያስከፍለውም ይገባዋል። ይህንም የምለው ከመጻሕፍት ብቻ ተምሬ አይደለም። ራሴ ዝም ብዬ፣ የዝምታዬን ዋጋ ሌላ ሰው ሲከፍልልኝ በዐይኔ አይቼ ነው።

አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ልለይ። እኔ ሞተር መለወጥን አልነቅፍም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ነው፤ ሞተርም እንደ ሰው ያለ አየር አይኖርም። ስለዚህ ቱርቦ የሌለው ሞተር በባሕር ዳርቻ ከነበረው ጉልበት ከአራት አንዱን እጅ ያህል እዚህ ያጣል። ቱርቦ የተባለው መሣሪያ ግን አየሩን ጨምቆ ለሞተሩ ስለሚያስገባለት የጠፋውን ጉልበት ይመልስለታል። ደግሞም የነዳጅ ዋጋ ከብዷል፤ በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ አሮጌውን መኪና ከመጣል ሞተሩን ለውጦ ዕድሜውን ማስረዘም የሚሻ ሰው ቢኖር አይደንቅም። ይህ ሁሉ የሰው ብልኀት ነው፤ ብልኀትን የሚነቅፍ ሞኝ ነው። እኔ የምነቅፈው ብልጠትን ነው። ብልኅ ሰው መላ ሲያገኝ መላውን ለሰው ያሳያል፤ ብልጥ ሰው ግን መላውን ከሰው ይሰውራል። ሁለቱን ለይቶ የማያውቅ ወጣት አንደኛውን የያዘ መስሎት በሌላኛው ወጥመድ ይገባል።

አሁን መድን ምን እንደ ሆነ እንመልከት። ብዙ ሰው መድን ድርጅትን የሚያየው አረቦን የሚባለውን ክፍያ እየሰበሰበ ሕንፃ እንደሚሠራ ባለጠጋ ነው። ነገሩ በመሠረቱ እንዲህ አይደለም። በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ፣ በሎንዶን ከተማ ኤድዋርድ ሎይድ የሚባል ሰው ቡና ቤት ነበረው። ከእኛ ምድር ተነሥቶ ዓለምን የዞረውን ቡና እየጠጡ፣ የመርከብ ባለቤቶችና ነጋዴዎች በዚያ ይሰበሰቡ ነበር። የአንዱ መርከብ ቢሰጥም ጉዳቱ ብቻውን እንዳይጥለው፣ ብዙዎች ከውሉ ሥር ስማቸውን እየጻፉ ጉዳቱን ይካፈሉ ነበር። ይህ ለኛ እንግዳ ነገር ነውን? በፍጹም አይደለም። እድር ያለው ሰው መድን ምን እንደ ሆነ ያውቃል። አንዱ ሲጎዳ የብዙዎች መዋጮ ያነሣዋል፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው ነው። ልዩነቱ በእድር ያለው ሰው ጎረቤትህ ሲሆን፣ በመድን ያለው ሰው ስሙን የማታውቀው መሆኑ ብቻ ነው።

እንግዲህ ልብ አድርጉ። በእድር መዝገብ የቤተሰቡን ቁጥር አራት ብሎ አስመዝግቦ፣ በአራት ሰው ልክ እየከፈለ፣ ኀዘን ሲደርስበት በሰባት ሰው ልክ ክፈሉኝ የሚል ሰው ቢኖር ምን ትሉታላችሁ? ሌባ ትሉታላችሁ። የሰረቀውም ከእድሩ ሳጥን አይደለም፤ በየወሩ ከጉሮሯቸው ቀንሰው ከሚከፍሉት መበለቶች ነው። ሰማንያ ፈረስ ጉልበት ያለው መኪና አለኝ ብሎ አስመዝግቦ መቶ ሃያ ፈረስ ጉልበት የሚነዳውም ሰው ከዚህ አይለይም።

አሁን የራሴን ልንገራችሁ። በ2009 ዓ.ም. አንድ አሮጌ ቶዮታ ፒካፕ ነበረኝ። ሞተሩ ቱርቦ የሌለው፣ 2,446 ሲሲ የሆነ ናፍጣ ነበር። ጭነት ይዤ ዳገት ስወጣ ከኋላዬ የሚመጣው ሁሉ ጡሩምባ ይነፋብኝ ነበር፤ እኔም በዚህ እናደድ ነበር። በጥር ወር ከመርካቶ፣ ከሶማሌ ተራ፣ 2,982 ሲሲ የሆነ ቱርቦ ያለው ያገለገለ ሞተር ገዝቼ አስገጠምሁ። መካኒኩ ሥራውን ጨርሶ እጁን እየጠረገ፣ «ለመድኑ ድርጅት እንዳትነግራቸው፤ ወይ ዋጋ ይጨምሩብሃል ወይ ያጉላሉሃል። ሞተር ከፍቶ የሚያይ ማን አለ?» አለኝ። እኔም ሣቅሁ። መሣቄ መስማማቴ ነበር። ለመንገድ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤትም ሊብሬው እንዲስተካከል ማመልከት ነበረብኝ፤ የዓመቱ ምርመራ ሲደርስ አደርገዋለሁ ብዬ ይህንም አቆየሁት።

ሰባት ወር ያህል ደስ ብሎኝ ነዳሁ። ዳገት የሚባል ነገር ተረሳኝ። ቀድሞ የማልጭነውን መጫን ጀመርሁ፤ ቀድሞ በቀስታ የምወጣውን መንገድ በሩጫ እወጣው ጀመር። አንድ ነገር ግን ልብ አላልሁም። ሞተሩ አዲስ ጉልበት ሲያገኝ ፍሬኑ ያው የድሮው ፍሬን ነበር። መውጣትን ያፋጠንሁትን ያህል መቆምን አላሰብሁበትም።

በነሐሴ ወር አንድ ቀን ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ አጣና ጭኜ ወደ ሽሮ ሜዳ እወርድ ነበር። ዝናብ ጥሎ መንገዱ ረጥቧል። ቁልቁለቱን ስጀምር ፍጥነቴ ከሚገባው በላይ ነበር፤ ፍሬኑን ደጋግሜ ስረግጠው ጋለ፣ ሸራውም መሽተት ጀመረ፤ በመጨረሻም ፔዳሉ እስከ ታች ወርዶ እግሬ ባዶ ነገር የረገጠ መሰለኝ። ማርሽ ቀንሼ፣ ወደ ቦይ ጠምዝዤ ሳቆመው፣ አስቀድሞ አንድ የቆመ አውቶሞቢል ገጭቼ፣ ባጠገቡ ቆሞ የነበረ አንድ ወጣትም ጥዬ ነበር። ነፍሱ ተረፈች፤ ስለዚህ እግዚአብሔር ይመስገን። ነገር ግን ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች ሁለት ቦታ ተሰበረ።

ወጣቱ ሸማኔ ነበር። ሽሮ ሜዳን የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ይገባዋል። ሸማኔ የሚሠራው በእጁ ብቻ አይደለም። በጉድጓዱ ጫፍ ተቀምጦ እግሮቹን ወደ ታች ሰዶ መርገጫውን በየተራ እየረገጠ፣ ድሩን እየከፈተ፣ በእጁ መወርወሪያውን ያሳልፋል። አንድ እግሩ የተያዘ ሸማኔ ሁለት እጁ እንደ ተያዘ ነው።

ከሳምንት በኋላ የመድኑ ድርጅት መርማሪ መጥቶ የመኪናውን ክዳን ከፈተ። በእጁ የሊብሬዬን ግልባጭ ይዞ ነበር። የሞተሩን ቁጥር በጨርቅ ጠርጎ አነበበ፤ ወደ ወረቀቱ ተመለከተ፤ እንደ ገና አነበበ። አልተቆጣም፤ አልሰደበኝም። «ይህን ሞተር መቼ አስገቡት?» ብሎ ብቻ ጠየቀኝ። በዚያ ቀን መልስ ስሰጥ የተሰማኝን ሐፍረት ከዚያ በፊት አላውቀውም ነበር፤ ሰባት ወር የዋሸሁት ሳልናገር ነበርና፣ እውነቱን መናገር የጀመርሁት ሲይዙኝ ነው። በኋላም ደብዳቤ መጣ። ለመኪናዬም፣ ለገጨሁት አውቶሞቢልም፣ በሙሉ መድኑ ውል የሚከፈል ነገር እንደሌለ ይናገር ነበር። ሕግ የሚያስገድደው የሦስተኛ ወገን መድን ተጎጂውን ስለሚጠብቅ ለወጣቱ ከፈለለት፤ ነገር ግን በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ለአንድ ሰው የአካል ጉዳት የወሰነው ጣሪያ 40,000 ብር ነበር። አጥንቱ ውስጥ ብረት ለማስገባት፣ ለመድኃኒት፣ ሥራ ፈትቶም ለተቀመጠበት ዘጠኝ ወር ይህ ገንዘብ ምን ያህል ይሄዳል? የቀረውን የከፈልሁት ፒካፑን ከነአዲሱ ሞተሩ ሸጬ፣ ከወንድሜም ተበድሬ ነው፤ እርሱም በቁርጥራጭ ስለ ነበር ወጣቱ ገንዘብ በሚያስፈልገው ጊዜ አላገኘውም።

አንድ ቀን ልጠይቀው ወደ ቤቱ ሄድሁ። ሸማው ተጀምሮ ባለበት ቀርቶ፣ ጉድጓዱም በጆንያ ተሸፍኖ ነበር። ከእናቱ ጋር ቡና ጠጣን። ልሄድ ስነሣ ወጣቱ በትሕትና፣ «ጋሼ፣ መድን አልነበረዎትም?» አለኝ። እኔም፣ «ነበረኝ፤ ግን አበላሸሁት» አልሁት። ከዚህ ወዲያ ምን ልጨምርለት እችላለሁ?

አሁን የብልጦችን ክርክር በየተራ እናንሣ።

የመጀመሪያው፣ «አልጠየቁኝም፤ ያልተጠየቀ አይመልስም» ይላል። ይህ ለፍርድ ቤት ተከሳሽ ይስማማ ይሆናል፤ ለውል ወዳጅ ግን አይስማማም። ደግሞም እውነት አይደለም። ውሉን ስትገባ ሊብሬህን ሰጥተሃል፤ በሊብሬው ላይ የሞተሩ ቁጥርና የሞተሩ መጠን ተጽፏል። ይህን ወረቀት ስትሰጥ፣ «መኪናዬ ይህ ነው» ብለሃል። ሞተሩን ስትለውጥ ያ ቃልህ ሐሰት ሆነ፤ እስክታርመውም ድረስ በየቀኑ እንደ ዋሸህ ትኖራለህ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕጋችንም ይህንኑ ይላል። በ2013 ዓ.ም. አዲስ የንግድ ሕግ ሲወጣ የድሮው የመድን ክፍል አልተሻረም። በዚህም ሕግ መድን የሚገባ ሰው ድርጅቱ አደጋውን እንዲመዝን የሚረዳውን የሚያውቀውን ነገር ሁሉ በትክክል መግለጽ አለበት፤ ውሉ ከተገባ በኋላም አደጋው የሚጨምርበት ነገር ቢደርስ ማስታወቅ አለበት። ሆን ብሎ የደበቀ ሰው ውሉ ከንቱ ይሆንበታል። ባለማወቅ ወይም በመርሳት ለቀረበት ግን ሕጉ ይራራለታል፤ ውሉ አይፈርስም፣ ካሳው በመጠኑ ይቀነስበታል እንጂ። እንግዲህ ሕጉ ራሱ የረሳውን ከደበቀው ይለያል። እኔ ረስቼ አልነበረም፤ ስቄ ነበር።

ሁለተኛው፣ «ድርጅቱ ሀብታም ነው፤ የኔ ሁለት ሺህ ብር ምን ይጎዳዋል?» ይላል። ወዳጄ ሆይ፣ ድርጅቱ አይጎዳም። ድርጅቱ ኪሳራውን ቆጥሮ በሚመጣው ዓመት አረቦኑን በሁሉ ላይ ይጨምራል። የሚከፍልልህ በአንድ ታክሲ ስድስት ነፍስ የሚያሳድረው ሹፌር ነው፤ ዐሥር ዓመት ያለ አደጋ የነዳችው መምህርት ናት። ባለጠጋውን የመታህ መስሎህ ዱላህ የሚያርፈው በድኻው ጀርባ ነው።

ሦስተኛው ክርክር ከሁሉ ይልቅ ብልኀት ያለው ይመስላል። «አደጋውን ያደረሰው ፍሬኑ ወይም ዝናቡ ነው እንጂ ሞተሩ አይደለም፤ ስለዚህ የሞተሩ ነገር ለምን ይነሣል?» ይላል። እኔም በዚያን ጊዜ ይህንኑ ብዬ ተከራክሬ ነበር። መልሱን ግን ከሒሳብ አገኘሁት። የሚሮጥ ነገር የያዘው ኀይል ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም፤ በፍጥነቱ እጥፍ እጥፍ ያድጋል። በሰዓት በ30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ፍጥነቱን 60 ቢያደርሰው፣ ፍሬኑ ሊያጠፋው የሚገባው ኀይል ሁለት እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል። ከ50 ወደ 70 ብቻ ቢያሳድገው እንኳ ሁለት እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። ያ ኀይል የትም አይጠፋም፤ በፍሬኑ ላይ ሙቀት ሆኖ ያርፋል። ፋብሪካው ያን ፍሬን የሠራው ለዚያ ሞተር፣ ለዚያ ክብደትና ለዚያ ፍጥነት መዝኖ ነው። ስለዚህ ሞተሩን ለብቻው የለወጠ ሰው መኪናውን ሁሉ ለውጧል፤ እርሱ ብቻ አላወቀም። ዝናቡስ ለኔ ብቻ ዘነበን? በዚያው ቁልቁለት በዚያው ዝናብ ሌሎች በደኅና ወርደዋል።

አራተኛው፣ «ብነግራቸው ዋጋ ይጨምሩብኛል፤ ወይም አንቀበልህም ይሉኛል» ይላል። ቢጨምሩብህ ክፈል፤ ለተጨመረ ጉልበት የተጨመረ ዋጋ መክፈል ነውር አይደለም። እኔ ነገሩ ካለፈ በኋላ አንዱን የድርጅቱን ሠራተኛ፣ ብናገር ኖሮ ስንት ይጨመርብኝ ነበር? ብዬ ጠየቅሁት። አስልቶ በዓመት 2,100 ብር አለኝ። ለ2,100 ብር ነበር የዋሸሁት። ባትናገር ደግሞ ለአዲሱ ሞተር ያወጣኸው ገንዘብ በመኪናው ዋጋ ውስጥ አይገባም፤ መኪናው ቢሰረቅ እንኳ ድርጅቱ የሚያውቀው የድሮውን ዋጋ ነው። ራስህንም ዘርፈሃል ማለት ነው። አንዱ ድርጅት ባይቀበልህ ወደ ሌላው ሂድ፤ በ1986 ዓ.ም. ሕጉ ለግል ድርጅቶች በሩን ከከፈተ ወዲህ በአገራችን መድን የሚሰጠው አንድ ብቻ አይደለም። ሁሉም እንቢ ቢሉህ ግን ሥራቸው አደጋን መመዘን የሆነ ሰዎች ሁሉ መኪናህን ፈርተውታል ማለት ነው። ልጆች በሚያቋርጡት መንገድ እርሱን ልትነዳው ትደፍራለህን?

አምስተኛው፣ «እነርሱስ እውነተኞች ናቸውን? አረቦኑን ሲቀበሉ ፈገግ ይላሉ፤ ካሳ ስትጠይቃቸው ግን በሮጥህ ቁጥር አንድ ወረቀት ጎደለ ይሉሃል» ይላል። በዚህ ላይ አልከራከርም፤ እንዲህ የሚያደርጉ አሉ። የውሉን ፊደል አንበሳ እንኳ በማያየው መጠን አሳንሰው የሚያትሙ፣ ደንበኛው ያልገባውን አስፈርመው ኋላ ባልገባው ነገር የሚይዙት ቢነቀፉ ይገባቸዋል። እንዲያውም የመድን ሕግ ትልቁ ፍርድ የተሰጠው በመድን ሰጪው ላይ ነው። በፈረንጆች 1766 ካርተር የሚባል፣ በሱማትራ ደሴት የእንግሊዝ ምሽግ ገዥ የነበረ ሰው ተሟገተ። ምሽጉን ጠላት ቢይዘው ካሳ እንዲከፈለው በሎንዶን መድን ገብቶ ነበር፤ ፈረንሳዮችም ያዙት። መድን ሰጪው፣ «የምሽጉን ድካም ደብቆኛል» ብሎ አልከፍልም አለ። ዳኛው ሎርድ ማንስፊልድ ግን ለካርተር ፈረዱ፤ መድን ሰጪው ሎንዶን ተቀምጦ ሊያውቀው ይችል የነበረውን፣ ሊጠይቅም ሲችል ያልጠየቀውን፣ ገንዘቡን ከተቀበለ በኋላ ምክንያት ሊያደርገው አይገባም አሉ። ቅን ልቡና ከሁለቱም ወገን እንደሚፈለግም ገልጸው፣ መርከቧ በደኅና መድረሷን በስውር እያወቀ ለጉዞዋ መድን የሚሸጥ ሰው ያው አታላይ ነው አሉ። በእንግሊዝ አገር በ2012 የወጣው ሕግ ደግሞ ለተራው ሰው ሸክሙን አቅልሎ፣ የድርጅቱ ግዴታ አጥርቶ መጠየቅ፣ የሰውየው ግዴታ ለተጠየቀው እንዳያሳስት ተጠንቅቆ መመለስ እንዲሆን አድርጓል። እኛም ድርጅቶቻችን በግልጽ አማርኛ፣ «ሞተሩ ተለውጧልን? ቱርቦ ተጨምሯልን?» ብለው በየዓመቱ እንዲጠይቁን ልንጠይቃቸው ይገባናል። ነገር ግን የእነርሱ ጥፋት የእኔን ጥፋት ጽድቅ አያደርገውም። ነጋዴው ሚዛን ቢያጓድል አንተ ሐሰተኛ ብር ልትሰጠው ነውን?

ይህን ሁሉ ካልሁ በኋላ ዋናው ነገሬ ሕግም ገንዘብም አይደለም። ዋናው ነገሬ ይህ ነው። የመናገር ግዴታ ራሱ ፍሬን ነው። ከመኪናው ፍሬን አስቀድሞ ሰውን የሚያቆመው እርሱ ነው። እኔ በዚያ በጥር ወር ወደ ድርጅቱ ሄጄ፣ «ሞተሬን ለወጥሁ» ብል ኖሮ፣ የሚቀጥለው ጥያቄ፣ «ፍሬኑስ?» የሚል ይሆን ነበር። ያን ጥያቄ የሚጠይቀኝ ሰው እንዳላገኝ ያደረግሁት ራሴ ነኝ። ዝም ስል ከመርማሪው የተሰወርሁ መስሎኝ፣ ከምክር ተሰወርሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የተባለው ለዚህ ነው። በወረቀት ላይ ሊጽፈው የሚፈራውን ነገር በመንገድ ላይ የሚነዳ ሰው፣ ፍርሃቱ ትክክል እንደ ነበረ የሚያውቀው ሰው ከወደቀ በኋላ ነው።

ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፣ ነገ መኪና ስትይዙ፣ ሞተሩንም ልትለውጡ ስታስቡ፣ ከመለወጣችሁ በፊት ለመድኑ ድርጅት በጽሑፍ አስታውቁ፤ የተቀበሉበትንም ማኅተም ያለበት ግልባጭ በቤታችሁ አኑሩ፤ በቃል የተነገረ ነገር በችግር ቀን ምስክር አይሆንምና። የሞተሩን የግዢ ደረሰኝ ያዙ፤ ሊብሬውን አሳርሙ። መካኒኩን፣ «ይህ ፍሬን፣ ይህ ሞላ፣ ይህ ጎማ፣ ይህን ሞተር ይችለዋልን?» ብላችሁ ጠይቁ፤ አይችለውም ካላችሁም ፍሬኑን ሳታስለውጡ ሞተሩን አታስለውጡ። «ማን ያያል?» የሚል መካኒክ ብታገኙ ሌላ ጋራዥ ፈልጉ፤ የማይታይ ነገር ላይ የማይጠነቀቅ ሰው፣ እናንተ የማታዩትን ብሎንስ ማጥበቁን በምን ታውቃላችሁ? ዛሬ ለውጣችሁ ዝም ያላችሁም ካላችሁ፣ ነገ ጧት ሂዱና ንገሩ። ሐፍረቱ የአንድ ቀን ነው።

እኔ ከዚያ ወዲህ ሌላ መኪና ገዝቻለሁ። በየዓመቱ ውሉን ሳድስ ቅጹን ከፊት እስከ ኋላ አነበዋለሁ፤ ያልጠየቁኝንም በትርፍ ወረቀት ጽፌ አያይዝበታለሁ። ቅጹን የሚቀበለኝ ወጣት አንድ ጊዜ፣ «ጋሼ፣ ይህን ሁሉ ማን ጠየቀዎት?» ብሎ ሣቀብኝ። የጠየቀኝ ሰው ሽሮ ሜዳ እንዳለ፣ ዛሬም ሲረግጥ ቀኝ እግሩን በቀስታ እንደሚያነሣ አልነገርሁትም። ለእናንተ ግን ነግሬአችኋለሁ።